የማትሪክ ተፈታኝ ያለበት ቤት ስልክ እንዴት ይያዝ? እኛን የጠቀመን

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበት ቤት ስለ ስልክ ሳይጨቃጨቅ አያድርም። እኛም ቤት እንደዚያው ነበር። ታናሽ ወንድሜ 11ኛ ክፍልን ደብረ ብርሃን ጨርሶ ለማትሪክ ዓመቱ አዲስ አበባ እኔ ጋ መጣ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ባለ አንድ መኝታ። እሱ ሳሎን ይተኛል፣ እኔ መኝታ ቤት። ፈተናውን በ2017 ዓ.ም. ወስዶ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ያን ዓመት ስልኩን እንዴት እንደያዝነው የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ እህት ወንድም ይዛችሁ ከተማ ለምትኖሩ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

መጀመሪያ የሰማሁት ምክር "ንጠቂው" የሚል ነበር። እማዬም በስልክ "ልጄን ስልክ እንዳይበላብኝ፣ እስኪፈተን ደብቂበት" አለችኝ። ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ተማሪ አልተዳረሰም። ብዙ ልጅ ያኔ የሚያጠናው ከፒዲኤፍ ነበር። መምህሩ ወርክሺት የሚልከው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የሞዴል ፈተና ቀን ሲቀየርም የሚነገረው እዚያው ነው። ወንድሜ "እትዬ፣ ስልኬን ወሰድሽ ማለት እኮ መጽሐፌን ወሰድሽ ማለት ነው" አለኝ። ልክ ነበር።

ደግሞ የማትሪኩን ነገር እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። ወንድሜ ሲመጣ እስከ 2016 ዓ.ም. ያለውን የየዓመቱን ቁጥር በቃሉ ያውቀው ነበር። ቀን ቀን ከጓደኞቹ ጋር ስለሆነ ይረሳዋል። ሌሊት ብቻውን ሲሆን ነው የሚጨንቀው። ሲጨንቀው ደግሞ የሚሸሸው ስልኩ ውስጥ ነው። ይሄን ሳልረዳ ስለ ስልክ ብመክረው ምንም ባልሰማኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቡና አፍልቼ አጠገቤ አስቀመጥኩትና "እስቲ ስልክህን አብረን እንየው" አልኩት። መልእክቱን ላነብ አለመሆኑን አስቀድሜ ነገርኩት። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል ዌልቢንግ የሚል አለ። በየቀኑ የትኛው አፕ ላይ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ይናገራል። አፑን ስትነኩት ደግሞ በሰዓት ከፋፍሎ ያሳያችኋል። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ፤ በሰዓት የተከፋፈለውን እዩ። የወንድሜ ቀን ደህና ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ትንሽ ዩቲዩብ፣ ትንሽ ቴሌግራም፣ ፒዲኤፍ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ግን ቲክቶክ ብቻውን ግድግዳ የሚያህል ሆኖ ቆሟል። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሄደበት ቀን አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ነው እንግዲህ።

"ለምን ሌሊት?" ብዬ ጠየቅኩት። መልሱ ብዙ ነገር አስተማረኝ። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው። የኪስ ገንዘቡ ትንሽ ነው። የፊዚክስ ቪዲዮ ዳውንሎድ ላድርግ ብሎ የሌሊት ጥቅል ይገዛል፤ ቪዲዮውም በትንሽ ጊዜ ይወርዳል። ከዚያ የተረፈው ዳታ ሲነጋ ይቃጠላል። "ከሚቃጠል ልጠቀምበት" ይላል፤ በቃ ቲክቶክ ይከፈታል። ስንፍና አልነበረም። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው የከፈለበትን ነገር ማባከን አይወድም፣ እሱም እንቅልፉን ሰጥቶ ዳታውን ይጨርስ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የቀየርነው የዳታውን አገዛዝ ነው። የሌሊት ጥቅል መግዛት አቆመ። በምትኩ እኔ *999# ደውዬ ሳምንታዊ ጥቅል በስጦታ እልክለታለሁ። የሚያስፈልገውን ቪዲዮ ቅዳሜ ከሰዓት ከእኔ ስልክ ሆትስፖት ከፍተን እናወርዳለን። ዩቲዩብ ላይ የቪዲዮውን ጥራት ወደ 360 ዝቅ አድርጉት፤ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ የሒሳብ ቀመር በዚያ ይነበባል፣ ዳታውም በጣም ይቆጥባል። ወላጅ ከሆናችሁና ስለ ልጃችሁ ስልክ አንድ ነገር ብቻ ማድረግ የምትችሉ ከሆነ፣ ካርድ ሞልቶ ከመስጠት ይልቅ ጥቅሉን ራሳችሁ ግዙለት። የቀን ዳታ ያለው ልጅ ሌሊት የሚያስቀምጠው ምክንያት ይቀንሳል።

ሁለተኛው ስልኩ የሚያድርበት ቦታ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ያለው ሶኬት ከወንድሜ ፍራሽ ራስጌ ነበር። ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ፊቱ ላይ ያበራል። ማከፋፈያውን ነቅለን ወጥ ቤት ወሰድነው፣ ፍሪጁ አናት ላይ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሁለቱም ስልኮች እዚያ ይገባሉ፤ የእሱም የእኔም። "የእኔም" የምትለዋን አስምሩባት። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ፌስቡክ እያየሁ እሱን "ተኛ" ብለው የሚሰማኝ አልነበረም። ስልኮቹን አናጠፋቸውም። ዳታው ይጠፋል፣ ጥሪው ይቀራል። ከቤተሰብ አንድ ነገር ቢፈጠር ሲጮህ እንሰማለን። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼንም ከ4 ሰዓት በኋላ በቴሌግራም ብትጽፉልኝ የማየው ጠዋት ነው፣ የሚያስቸኩል ከሆነ ደውሉ አልኳቸው። ማንም አልተቀየመኝም።

"ታዲያ በምን ልነሳ?" አለ። ማንቂያው ስልኩ ነበራ። ከመርካቶ በባትሪ የሚሠራ ማንቂያ ሰዓት ገዛሁለት። ድምፁ ጎረቤት ይቀሰቅሳል፤ ግን ይሠራል። መብራት ሲጠፋም ስልኩን እንደ ባትሪ ስለሚጠቀምበት ቻርጅ የሚደረግ መብራት ጨመርንበት። እነዚህ ሁለት ዕቃዎች ሳይኖሩ ስልኩን ከመኝታ አርቅ ማለት ልጁን ማስቸገር ነው። ስልክ ብዙ ሥራ ይዟል፤ ሰዓት ነው፣ ባትሪ ነው፣ ካልኩሌተር ነው። አንዱን ሥራ ስትነሱት ምትኩን አስቀምጡለት።

የእንቅልፉን ልክ ከጤና ባለሙያዎች ምክር ነው የወሰድነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ስንቆጥር 8 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በታች አንወርድም አልን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ይገላበጣል፣ ውኃ ልጠጣ ብሎ ወደ ወጥ ቤት ይመላለሳል። አልተናገርኩትም። ጥቂት ሳምንት አልፎ የክፍል አለቃው "ጠዋት ጠዋት መተኛት ተውክ እንዴ?" እንዳለው እየሳቀ ነገረኝ።

ወደ ቴሌግራሙ ልምጣ፤ ብዙ ተማሪ ጊዜው የሚያልቀው እዚህ ነው። ወንድሜ የማትሪክ ስም ያላቸው ቻናሎች ውስጥ ሁሉ ገብቷል። እያንዳንዱ በቀን ደጋግሞ ይለጥፋል። አብዛኛው ያው ጥያቄ ነው፣ አንዱ ከሌላው ፎርዋርድ ያደረገው። ማውረድ ደግሞ ማጥናት ይመስላል። ስልኩ በፒዲኤፍ ሞልቷል፤ አንዱ የባዮሎጂ መጽሐፍ በተለያየ ስም ተደጋግሞ ተቀምጧል፤ ከአንደኛው ምዕራፍ ግን ብዙ አልተነበበም። ቁጭ ብለን እንዲህ አደረግን። አንድ ፎልደር ከፈትንና "ማትሪክ" አልነው። የክፍሉ ግሩፕ፣ የመምህራኑ ቻናሎችና የትምህርት ሚኒስቴር ቻናል እዚያ ገቡ። ሌላው ሁሉ ሚውት ተደርጎ አርካይቭ ሆነ። ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ ገብተን አውቶማቲክ ዳውንሎዱን ዘጋነው፤ ይሄ ብቻውን ሳምንታዊ ጥቅሉን ዕድሜ አስረዘመለት። ከዚያ የቀሩትን ፋይሎች በትምህርት ዓይነት አስቀመጥን፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ አፕቲትዩድ።

ከዳታ የተረፈችውን ብር ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድናት። ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን ፊትና ጀርባ አሳተምንና በሽቦ አስጠረዝን። መልሱን አላሳተምንም፤ መልሱ ስልኩ ላይ ቀረ። ልጁ ወረቀት ላይ ይሠራል፣ ሲጨርስ ብቻ ስልኩን ከፍቶ ያርማል። ካደረግነው ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄ ይመስለኛል። ስልክ ላይ ጥያቄና መልስ ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይን ወደ መልሱ ይሮጣል፣ ከዚያ "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" ይባላል። ወረቀት ላይ የሚሮጡበት የለም።

አንድ ማታ ግራ የገባው ፊት ይዞ መጣና ስክሪንሾት አሳየኝ። ስሙን የማያውቀው ሰው "የዘንድሮ ፈተና እጃችን ላይ ነው፣ ሙሉውን ለሚፈልግ" ብሎ ጽፎለታል። የሒሳብ ጥያቄ ነው የሚል ደብዛዛ ፎቶ አያይዟል። ብሩን በባንክ ወይም በሞባይል ገንዘብ ላክና ይደርስሃል ነው የሚለው። ጓደኞቹ ሊያዋጡ እየተማከሩ ነበር። ፎቶውን ካተምነው ጥራዝ ጋር አስተያየነው፤ የቆየ ዓመት ጥያቄ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ተለውጧል። ቁጭ ብለን በሥርዓቱ አወራን። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዟል። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን የጀመሩትም ስርቆትና ኩረጃን ለማስቀረት ነው። የሚሸጠው ሰው ፈተናው ቢኖረው እንኳ ተሰርዞ ድጋሚ መፈተን ነው፤ ከሌለው ደግሞ ብሩ ሄደ። እናንተም ይሄን ወሬ ቀድማችሁ ከልጆቹ ጋር አውሩ። ፈተናው ሲቃረብ ይመጣባቸዋል፤ በጭንቀት ላይ ያለ ልጅ ብቻውን ሆኖ ሲያገኘው ይፈተናል።

ስለ ቲክቶክ አጭር ነገር ልበል። ኩባንያው በ2015 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ተጠቃሚዎች በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ እንደሚያደርግ አስታውቆ ነበር። ገደቡ ሲሞላ ግን ኮድ አስገብቶ መቀጠል ይቻላል። ደግሞ ልጁ አካውንት ሲከፍት ዕድሜውን ጨምሮ ከጻፈ ጭራሽ አይመለከተውም፤ ብዙዎቹ ጨምረው ነው የሚጽፉት። የእኛውም እንደዚያው። ስለዚህ ዲጂታል ዌልቢንግ ላይ የአፕ ታይመር ራሱ እንዲሞላ አደረግን። ደቂቃውን የመረጠው እሱ ነው። ሊያነሳው ከፈለገ በቀላሉ ያነሳዋል፣ አውቃለሁ። ግን አፑ ሲዘጋ ቀና ይልና ሰዓት ያያል፤ ለእኛ ያ በቂ ነበር። እሑድ ከሰዓት ነፃ ነው፤ እንደፈለገ ይይ።

ቻትጂፒቲን በተመለከተ የያዝነው ደንብ አንድ ነው፦ መጀመሪያ በእጅህ ሞክር፣ የተሳሳትክበትን መስመር አግኝ፣ ከዚያ ስለዚያ መስመር ጠይቅ። ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ መልሱን መገልበጥ የለም። መልሱ ራሱ አንዳንዴ ይሳሳታል። አንዴ የፊዚክስ ጥያቄ ላይ ኪሎ ሜትር በሰዓትን ወደ ሜትር በሴኮንድ ሳይቀይር አስልቶ መልሱን በሙሉ ልብ ሰጠው። ወንድሜ ስህተቱን ያገኘው ቀድሞ በወረቀት ስለሠራው ነው። ያን ቀን የነበረው ደስታ ልዩ ነበር።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ አለ። በ2016 ዓ.ም. ከተፈታኙ የተወሰነው በኮምፒውተር፣ በኦንላይን መፈተን ጀምሯል። የእኛ ልጆች ጣታቸው ስልክ ላይ ይበራል፤ ማውስ ሲይዙ ግን ይንቀጠቀጣሉ። ወንድሜ ረጅም የእንግሊዝኛ ምንባብ በትልቅ ስክሪን አንብቦ አያውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መሄድ የጀመርነው አንድም ለዚህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ሰፊ ነው፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ኮምፒውተርም አለው። ብዙ ልጅ ስለሚመጣ ማልዶ መድረስ ይሻላል። ፀጥታ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር አለ፤ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን አንባቢ ያሳለፈ ቤት ነው። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ 4 ኪሎ ነው መንገዳችን። ሰልፉ ያደክማል። ምሳ ዕቃ ውስጥ ፍርፍር ይዘን ስለምንሄድ የምግብ ወጪ የለብንም።

ስንመለስ ብዙ ጊዜ እስከ ሜክሲኮ ታክሲ አንይዝም። የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን ስላሰፋው ከ4 ኪሎ በቤተ መንግሥቱ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ በስታዲየም በኩል ሜክሲኮ ድረስ በእግራችን እንወርዳለን። ይሄን የምጽፈው ለስፖርቱ ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን እያለ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሜዳ ነበረው፤ ኳስ ይጫወታል፣ ማታ ደክሞት ይተኛል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ልጆች ኳስ ሲጀምሩ ጥበቃው ያባርራቸዋል። ከተማ ያለ ልጅ ስልክ ላይ የሚውለው ሌላ የሚውልበት ስላጣም ነው። በእግር ስንሄድ ደግሞ ቤት ውስጥ የማይነግረኝን ነገረኝ። ሜዲሲን ካልገባሁ እማዬ ታዝንብኛለች ብሎ ይፈራ ነበር። ይሄን የሰማሁት ስታዲየም አካባቢ ነው፤ በዚያው ምሽት ለእማዬ ደወልኩና እሷው ራሷ "አንተ ጤና ሁንልኝ እንጂ የፈለግከውን ተማር" አለችው። ከዚያ በኋላ የሌሊቱ መገላበጥ በጣም ቀነሰ።

የፈተናው ሰሞን ሲደርስ ስልክ ይዞ ግቢ መግባት ክልክል ነው። አንሶላና ብርድ ልብሱን፣ መታወቂያውንና የመፈተኛ ካርዱን ይዞ ገባ። ሲወጣ የነገረኝ፣ ከእሱ ጋር ዶርም የነበሩ አንዳንድ ልጆች ያለ ስልክ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው ሌሊቱን ሲያወሩ ያድሩ እንደነበር ነው። እሱ ግን ለዚያ አዲስ አልነበረም። ስለዚህ ምንም ባታደርጉ እንኳ ከፈተናው ሁለትና ሦስት ወር ቀድማችሁ ሌሊት ያለ ስልክ ማደርን አለማምዷቸው።

አንድ የቀረኝ ውጭ ያሉ ዘመዶች ጉዳይ ነው። ስልኩን የላከችለት ቨርጂኒያ ያለችው አክስታችን ናት፤ እግዜር ይስጣት። ከሥራ ስትወጣ ትደውላለች። እዚያ ከሰዓት 11 ሲሆን እዚህ እንደ ወቅቱ ሌሊት 6 ወይም 7 ሰዓት ነው። ለእሷ ስትል "ስልኬ አጠገቤ ይሁን" ይል ነበር ወንድሜ። ሁኔታውን አስረዳኋትና ቅዳሜ ጠዋት ቁርሷን ስትበላ እንድትደውል ተስማማን፤ ያኔ እዚህ ከሰዓት 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፣ ሁላችንም ነቅተናል። በመሀል የምትለው ካላት በቴሌግራም ድምፅ ትልካለች፣ ጠዋት እንሰማዋለን። እኔ ቅር ይላታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን "ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?" ነው ያለችው። ዱባይም አውሮፓም ያሉ ዘመዶች ካሏችሁ የሚደውሉበትን ሰዓት እናንተው ቁረጡላቸው።